የታይሮይድ የዓይን ሕመም፦ ከመጀመሪያው ምልክት እስከ ቀዶ ሕክምና ደረጃ በደረጃ

የታይሮይድ ሆርሞናቸው በመድኃኒት ተስተካክሎ፣ የልብ ምታቸው ረግቶና ክብደታቸው ተመልሶ ሳለ ዓይናቸው ግን እንደ ፈጠጠ የቀረ፣ አልፎ አልፎም እየባሰበት የሄደ ሰዎች ጥቂት አይደሉም። እንዲህ ያለ ታማሚ ብዙውን ጊዜ መድኃኒቱ እንዳልሠራለት ወይም ሐኪሙ እንደተሳሳተ ያስባል። ነገሩ ግን እንዲያ አይደለም። ዕጢውንና ዓይኑን የሚያጠቃው የሰውነት መከላከያ ስሕተት አንድ ቢሆንም፣ ሁለቱ የየራሳቸው ጊዜና የየራሳቸው ሕክምና አላቸው። የዕጢው ሕክምና ዓይኑን ይረዳዋል እንጂ አይተካለትም፤ የዓይኑ ሕክምና ደግሞ ጊዜውን ጠብቆ ካልተሰጠ ጥቅሙ ይቀንሳል። ይህ መመሪያ የተዘጋጀው ታማሚውና ቤተሰቡ በየትኛው ምዕራፍ ላይ እንዳሉ እንዲያውቁ፣ ሐኪማቸውንም ተገቢውን ጥያቄ በተገቢው ሰዓት እንዲጠይቁ ነው። ሐኪምን አይተካም፤ የመድኃኒት መጠኖቹም የተጠቀሱት የታዘዘውን ለመረዳት እንዲያግዙ እንጂ ራስን ለማከም አይደለም።

አንደኛ፦ ከዓይን ጀርባ የሚሆነውን ይረዱ

ታይሮይድ በአንገት ፊት ለፊት፣ ከማንቁርት በታች የሚገኝ የቢራቢሮ ቅርጽ ያለው ዕጢ ነው። የሰውነት መከላከያ ሥርዓት ተሳስቶ በዚህ ዕጢ ላይ ያለውን የቲኤስኤች (ዕጢውን ሥራ የሚያዘው ሆርሞን) ተቀባይ የሚቀሰቅሱ ፀረ እንግዳ አካላትን ሲያመርት፣ ዕጢው ያለማቋረጥ ሥራ እንደታዘዘ ሆኖ ሆርሞኑን ከልክ በላይ ያመነጫል። ሕመሙ እ.ኤ.አ. በ1835 በገለጸው በአየርላንዳዊው ሐኪም በሮበርት ግሬቭስ ስም የግሬቭስ በሽታ ይባላል፤ ጀርመናዊው ካርል ቮን ባዜዶ በ1840 ለብቻው ስለገለጸው በአንዳንድ አገሮች የባዜዶ በሽታ በመባል ይታወቃል።

ይኸው ተቀባይ ከዓይን ኳስ ጀርባ ባሉ ፋይብሮብላስት የሚባሉ ሕዋሳት ላይም ይገኛል፤ እዚያም አይጂኤፍ-1 ከሚባል የእድገት ንጥረ ነገር ተቀባይ ጋር ተባብሮ ይሠራል። ሁለቱ ሲቀሰቀሱ ሕዋሳቱ ሃያሉሮናን የተባለውን ውኃ አጥብቆ የሚይዝ ንጥረ ነገር በብዛት ያመርታሉ፤ ከፊሎቹም ወደ ስብ ሕዋስነት ይለወጣሉ። በዚህ ምክንያት ዓይንን የሚያንቀሳቅሱት ጡንቻዎች ያብጣሉ፣ ስቡም ይጨምራል። የዓይን ጉድጓድ ደግሞ በአጥንት የታጠረ፣ 30 ሚሊ ሊትር ገደማ ብቻ የሚይዝ፣ ክፍት በሩ ከፊት በኩል የሆነ ጠባብ ስፍራ ነው። ውስጡ ያለው ሲያብጥ የዓይን ኳስ ወደ ፊት ይገፋል፤ ሰው «ዓይኑ ፈጠጠ» የሚለው ይህን ነው።

ሆኖም የፈጠጠ የሚመስል ዓይን ሁሉ በእርግጥ ወደ ፊት ወጥቷል ማለት አይደለም። የታይሮይድ ሆርሞን ሲበዛ የላይኛውን የዓይን ቆብ የሚያነሣው ትንሽ ጡንቻ ከሚገባው በላይ ስለሚወጠር፣ ቆቡ ወደ ላይ ይሰበሰብና ሰውየው የደነገጠ ወይም አፍጥጦ የሚያይ ይመስላል። ይህኛው ክፍል ሆርሞኑ ሲስተካከል ብዙውን ጊዜ ይለዝባል። በእብጠትና በጠባሳ የመጣው ክፍል ግን በሆርሞን መስተካከል ብቻ አይመለስም። አንዱ ታማሚ በታይሮይድ መድኃኒት ዓይኑ ሲሻለው ሌላው ለምን እንደማይሻለው በከፊል የሚያስረዳው ይህ ልዩነት ነው።

ከግሬቭስ ታማሚዎች መካከል ከአራቱ አንዱ ወይም ከዚያ በላይ የዓይን ምልክት ያሳያል፤ የብዙዎቹ ሕመም ግን ቀላል ሲሆን፣ እይታን እስከ ማሳጣት የሚያሰጋው ከመቶ ጥቂቱን ብቻ ነው። ሴቶች በብዛት ይያዛሉ፤ ወንዶችና በዕድሜ የገፉ ሰዎች ደግሞ ሲይዛቸው ይከብድባቸዋል። የዓይኑ ሕመም ከዕጢው ጋር በአንድ ወቅት፣ ከዕጢው በኋላ ወይም ቀድሞ ሊጀምር ይችላል። ዕጢያቸው ከመጠን በታች በሚሠራ ሰዎች ላይ፣ እንዲያውም የሆርሞን መጠናቸው ፍጹም ትክክል በሆነ ሰዎች ላይም ይታያል። ስለዚህ «የታይሮይድ ምርመራህ ጤናማ ነው» መባል ብቻውን ይህን ሕመም አያስወግደውም።

ሁለተኛ፦ ምልክቶቹን አስተውለው ይመዝግቡ

ሕመሙ ሲጀምር ከተራ የዓይን መቆጣት ጋር በቀላሉ ይምታታል። ዓይን ውስጥ አሸዋ የገባ ያህል መቆርቆር፣ እንባ መብዛት፣ ብርሃን መፍራት፣ ጠዋት ላይ የዓይን ዙሪያ ማበጥና ከዓይን ጀርባ የመወጠር ስሜት የተለመዱት ናቸው። እንባው ለምን እንደሚበዛ ብዙዎች ይገርማቸዋል፤ ዓይኑ በደንብ ስለማይከደን ገጹ ይደርቃል፣ ድርቀቱም ዓይኑን አስቆጥቶ እንባ ያስፈስሳል። ብዙ ሰዎች አለርጂ ነው ተብለው ለወራት ጠብታ ሲጨምሩ ይቆያሉ። አለርጂ ሲሆን አብዛኛውን ጊዜ ጎልቶ የሚሰማው ማሳከክ ነው፤ በጀርም የመጣ ከሆነ ደግሞ ዓይናር ይበዛል። ማሳከኩም ዓይናሩም ሳይኖር ሁለቱ ዓይኖች እያበጡና እየተወጠሩ ከሄዱ ታይሮይድን መጠርጠር ይገባል።

ቀጥሎ የሚመጣው አንዱ ነገር ሁለት ሆኖ መታየት ነው። በብዛት የሚጠቃው ዓይንን ወደ ታች የሚስበው ጡንቻ ሲሆን፣ ቀጥሎ ወደ አፍንጫ የሚስበው ነው። እነዚህ ጡንቻዎች ደክመው ሳይሆን ደንድነው እንደ አጭር ገመድ ዓይኑን ስለሚይዙት፣ ታማሚው ወደ ላይ ወይም ወደ ጎን ሲመለከት አንዱ ዓይን ወደ ኋላ ይቀራል። መጀመሪያ ጠዋት ሲነሡ ወይም ሲደክሙ ብቻ ይታይና ቆይቶ የዘወትር ይሆናል። ቁም ነገሩ አንድ ዓይን ሲከደን ድርብርቡ የሚጠፋ መሆኑ ነው፤ አንዱን ከድነውም ድርብ የሚታይዎት ከሆነ ምክንያቱ ሌላ ሊሆን ስለሚችል ለሐኪሙ ይንገሩ።

ለመመዝገብ የሚከተለውን ያድርጉ። በየወሩ በተመሳሳይ ብርሃንና በተመሳሳይ ርቀት፣ ከፊት፣ ከሁለቱም ጎን፣ ወደ ላይና ወደ ታች እየተመለከቱ ፎቶ ይነሡ። ከሕመሙ በፊት የተነሡትን ፎቶ፣ የመታወቂያው እንኳ ቢሆን፣ አብረው ያስቀምጡ፤ ለሐኪሙ ከብዙ ገለጻ ይልቅ ያ አንድ ፎቶ ይነግረዋል። ሲተኙ ዓይንዎ ሙሉ በሙሉ ይከደን እንደሆነ የቤተሰብ ሰው እንዲያይልዎ ይጠይቁ። ድርብ የሚታይበትን አቅጣጫና ሰዓት፣ ሕመም ካለም ዓይንዎ ሳይንቀሳቀስ ይሰማ እንደሆነ ወይም ሲያንቀሳቅሱት ብቻ እንደሆነ ለይተው ይጻፉ። ይህ የመጨረሻው ልዩነት ጥቃቅን ነገር ይመስላል፤ ሕክምናውን ለመወሰን ግን ከሚቆጠሩት ነጥቦች አንዱ ነው።

የዓይን ቆብ ወደ ላይ በመሰብሰብ ፈንታ ወደ ታች የሚወድቅ ከሆነ፣ በተለይም ምሽት ላይ ከባሰ፣ ማያስቴንያ ግራቪስ የሚባል የጡንቻ ድካም ሕመም አብሮ ሊኖር ይችላል። ሁለቱ አንዳንድ ጊዜ በአንድ ሰው ላይ ስለሚገናኙ ምልክቱን ሳይጠቅሱ አይለፉ።

ሦስተኛ፦ ቀጠሮ የማይጠብቁትን ምልክቶች ይወቁ

በዚህ ሕመም ከሁሉ የሚያሰጋው ያበጡት ጡንቻዎች በጉድጓዱ ጫፍ ላይ የዓይን ነርቭን አንቀው መያዛቸው ነው። ከመጀመሪያዎቹ ምልክቶች አንዱ የቀለም መደብዘዝ ነው። አንድ ቀይ ነገር ይያዙና በመጀመሪያ በአንዱ፣ ቀጥሎ በሌላኛው ዓይን ብቻ ይመልከቱት፤ በአንደኛው ቀዩ የፈዘዘ ወይም የጠወለገ ከመሰለ፣ ወይም በመሐል አለዚያም በጎን በኩል ጥላ ከታየ፣ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ መድረስ ያስፈልጋል። ሁለቱም ዓይኖች በእኩል ተጎድተው ልዩነት ላይታይ ስለሚችል፣ እይታዎ በአጠቃላይ ከደበዘዘና ዓይንን በማርገብገብ ካልጠራም እንዲሁ ያድርጉ።

እዚህ ላይ አንድ አሳሳች ነገር አለ። ነርቩ የሚታነቅበት ዓይን የግድ እጅግ የፈጠጠው ዓይን አይደለም። ኳሱ ወደ ፊት መውጣቱ በራሱ ለግፊቱ ማስተንፈሻ ነው፤ የዓይን ቆቡና ዙሪያው ጠንካራ ሆኖ ኳሱን የያዘው ሰው፣ ዓይኑ ብዙም ሳይፈጥጥ ውስጡ ያለው ግፊት ነርቩን ሊጎዳው ይችላል። ስለዚህ የአደጋውን መጠን በመስታወት አይለኩ።

ሌሎቹ አስቸኳይ ሁኔታዎች ሁለት ናቸው። ዓይን መከደን አቅቶት ብርቱ ሕመም፣ ቅላትና የእይታ መደብዘዝ ከተከተለ፣ ከፊት ያለው ጥርት ያለው የዓይን ሽፋን ቆስሎ ሊሆን ይችላል። እጅግ አልፎ አልፎ ደግሞ ኳሱ ከቆቡ ፊት ሾልኮ ይወጣል። ሁለቱም ወዲያውኑ ወደ ድንገተኛ ሕክምና የሚያስኬዱ ናቸው።

አራተኛ፦ ምርመራውን ያሟሉ

ከደም ምርመራ በኩል ቲኤስኤች፣ እንዲሁም ዕጢው የሚያመነጫቸው ሆርሞኖች ነፃ ቲ4 እና ቲ3 ይለካሉ፤ የቲኤስኤች ተቀባይን የሚቀሰቅሱት ፀረ እንግዳ አካላትም ይመረመራሉ። የእነዚህ መጠን ምርመራውን ከማረጋገጥ አልፎ የሕመሙን አካሄድ በመጠኑ ይጠቁማል፤ እጅግ ከፍ ያለ ከሆነ ዓይኑ የመክበድ ዕድሉ ይጨምራል።

የዓይን ሐኪሙ የእይታ ጥራትን፣ የቀለም መለየትን፣ የዓይን ብሌን ለብርሃን የሚሰጠውን ምላሽ፣ የእይታ ዙሪያን፣ የዓይኖቹን እንቅስቃሴና የፊተኛውን ሽፋን ይመረምራል። ዓይኑ ምን ያህል ወደ ፊት እንደወጣ የሚለካው ሄርቴል በሚባል መሣሪያ በሚሊ ሜትር ሲሆን፣ ጤናማው ልክ ከሕዝብ ሕዝብና ከሰው ሰው ስለሚለያይ ከአንድ ነጠላ ቁጥር ይልቅ በየጊዜው ያለው ለውጥና በሁለቱ ዓይኖች መካከል ያለው ልዩነት ይበልጥ ይናገራል። የዓይን ውስጥ ግፊት በዚህ ሕመም፣ በተለይ ወደ ላይ ሲመለከቱ፣ ከፍ ሊል ይችላል፤ ግፊቱ ስለጨመረ ብቻ ግላኮማ (የዓይን ነርቭን የሚጎዳ ሌላ ሕመም) ነው ተብሎ እንዳይደመደም ታይሮይድ እንዳለብዎ ለሚመረምርዎ ሁሉ ይንገሩ።

ሲቲ ስካን ወይም ኤምአርአይ ለሁሉም ሰው አያስፈልግም። የሚያስፈልገው አንድ ዓይን ብቻ ሲፈጥጥ፣ ነርቩ ተነክቶ እንደሆነ ሲጠረጠር ወይም ቀዶ ሕክምና ሲታሰብ ነው። በአዋቂዎች ዘንድ የአንድም ሆነ የሁለት ዓይን መፍጠጥ ዋናው መነሻ ይኸው ሕመም ቢሆንም፣ አንድ ዓይን ብቻ ሲፈጥጥ ከጀርባው ያልተለመደ እድገት (ቱመር) አለመኖሩን ማረጋገጥ ግዴታ ነው። በምስሉ ላይ የጡንቻው ሆድ አብጦ ጅማቱ ቀጭን ሆኖ መታየቱ የዚህ ሕመም መለያ ነው። አዮዲን ያለበት ማቅለሚያ በደም ሥር ከተሰጠ በኋላ ላይ የሚታሰብ የራዲዮአክቲቭ አዮዲን ሕክምናን ለወራት ሊያስተጓጉል ስለሚችል፣ ያለ ማቅለሚያ መነሣቱ ይበቃ እንደሆነ አስቀድመው ይጠይቁ።

አምስተኛ፦ ሁለቱን ጥያቄዎች ያስመልሱ

የሕክምናው ውሳኔ ሁሉ በሁለት ጥያቄዎች ላይ ያርፋል፦ ሕመሙ አሁን ንቁ ነው ወይስ ረግቷል? ክብደቱስ ምን ያህል ነው? እኔ በበኩሌ ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ ይያዝ ብባል ይህን እመርጣለሁ፤ ሁለቱ ጥያቄዎች ካልተመለሱ የሚሰጠው መድኃኒት በጭፍን የተሰጠ ነውና።

ሕመሙ ብዙውን ጊዜ ለወራት እየባሰ ይሄዳል፣ ከፍ ብሎ ይቆያል፣ ከዚያም በከፊል ይሻለውና ይረጋል። የንቃቱ ዘመን በአብዛኛው ከ6 እስከ 24 ወር ሲሆን በአጫሾች ላይ ይረዝማል። በንቃቱ ዘመን ያለው እብጠት ትኩስ ቁስል ነው፤ መድኃኒት ይሰማል። ሲረጋ ግን የሚቀረው ጠባሳ ነው፤ ጠባሳን ደግሞ እብጠትን የሚያበርደው ስቴሮይድ የተባለ መድኃኒት አያለሰልሰውም። በረጋ ሕመም ላይ ለወራት ስቴሮይድ መውሰድ ጉዳቱን ብቻ መሸከም ሲሆን፣ በንቁ ሕመም ላይ «እስኪረጋ እንጠብቅ» ብሎ መዘግየት ደግሞ ሊቀንስ ይችል የነበረውን ጠባሳ መፍቀድ ነው።

ንቃቱ የሚለካው በሰባት ነጥቦች ነው። ከዓይን ጀርባ ሳይንቀሳቀስ የሚሰማ ሕመም ወይም መወጠር፣ ዓይን ሲንቀሳቀስ የሚሰማ ሕመም፣ የዓይን ቆብ ቅላት፣ የዓይን ቆብ እብጠት፣ የነጩ ክፍል ቅላት፣ የነጩ ሽፋን ውኃ መቋጠር፣ እንዲሁም በአፍንጫ በኩል ባለው የዓይን ጥግ ያለችው ሥጋ ማበጥ። እያንዳንዱ አንድ ነጥብ ሲይዝ፣ 3 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ሕመሙ ንቁ ይባላል። መለኪያው ጉድለት የለበትም ማለት አይደለም፤ ቅላቱ ጥቂት ሆኖ ዓይኑ ግን በየወሩ እየፈጠጠ ወይም እይታው እየደረበ የሚሄድ ሰው ነጥቡ ቢያንስም ሕመሙ እየሠራ ነው። የየወሩ ፎቶ ጥቅሙ የሚታየው እዚህ ላይ ነው።

ክብደቱ ደግሞ በሦስት ይከፈላል። መለስተኛ የሚባለው የቆቡ መሰብሰብ ከ2 ሚሊ ሜትር በታች፣ የዓይኑ መውጣት ለሰውየው ከሚጠበቀው ከ3 ሚሊ ሜትር በታች፣ ድርብርቡ የሌለ ወይም አልፎ አልፎ የሚታይ፣ ድርቀቱም በጠብታ የሚታገሥ ሲሆን ነው። ከዚያ አልፎ የዕለት ኑሮን የሚያውክ ከሆነ መካከለኛና ከባድ ይባላል። ነርቩ ከታነቀ ወይም የፊተኛው ሽፋን ከቆሰለ ደግሞ እይታን የሚያሰጋ ነው።

ስድስተኛ፦ ክብደቱ ምንም ይሁን ምን ሁሉም የሚያደርገው

ማጨስ ካለ ማቆም ከሁሉ ይቀድማል። ትምባሆ ሕመሙ እንዲነሣ፣ እንዲከብድና እንዲረዝም ከማድረጉ ሌላ የስቴሮይዱንም ሆነ የጨረሩን ጥቅም ይቀንሳል፤ ጉዳቱም በሚጨሰው መጠን ይጨምራል። ታማሚው ራሱ በእጁ ሊለውጠው ከሚችለው ነገር ሁሉ ይህን የሚያህል የለም። የሌላ ሰው ጭስ የሚሞላበት ክፍልም ይወገድ።

የታይሮይድ ሆርሞን በፍጥነት ይስተካከል፤ ተስተካክሎም ይቆይ። ከፍ ማለቱ ብቻ ሳይሆን ከልክ በታች መውረዱም ዓይኑን ያባብሳል። የዕጢውን ሆርሞን የሚቀንሰው ሜቲማዞል ወይም ካርቢማዞል ሲጀመር በየ4 እስከ 6 ሳምንቱ ደም መመርመር የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። እነዚህን መድኃኒቶች የሚወስድ ሰው ትኩሳትና የጉሮሮ ሕመም ከመጣበት መድኃኒቱን አቁሞ በዚያው ቀን የነጭ የደም ሕዋስ ምርመራ ማድረግ እንዳለበትም አብሮ ማወቅ አለበት።

ለዕጢው የራዲዮአክቲቭ አዮዲን ሕክምና ከታሰበ ቆም ብለው ይጠይቁ። ይህ ሕክምና በአንዳንድ ታማሚዎች ላይ የዓይኑን ሕመም ሊያስነሣ ወይም ሊያብስ ይችላል፤ በተለይ በአጫሾችና ፀረ እንግዳ አካላቸው ከፍ ባለ ሰዎች ላይ። የዓይኑ ሕመም መለስተኛና ንቁ ሆኖ ሕክምናው ግድ ከሆነ፣ አነስተኛ መጠን ያለው ፕሬድኒሶሎን የተባለ ስቴሮይድ አብሮ ተሰጥቶ ቀስ በቀስ ሲቀንስ አደጋውን ይከላከላል። ዓይኑ ከዚያ በላይ በከበደበት ወቅት ግን ዕጢው በእንክብል ወይም በቀዶ ሕክምና መታከሙ ይመረጣል።

ለድርቀቱ መከላከያ ኬሚካል የሌለበት ሰው ሠራሽ እንባ ቀን ቀን ደጋግሞ መጨመር፣ ሲተኙ ደግሞ ቅባት ወይም ጄል መቀባት ይገባል። ዓይን ካልተከደነ ቆቡን በስስ ፕላስተር ማሰር ወይም እርጥበት የሚይዝ መሸፈኛ ማድረግ ይረዳል። ራስን ከፍ አድርጎ መተኛት የጠዋቱን እብጠት ይቀንሳል። ጠቆር ያለ ጎን የሚሸፍን መነጽር ለነፋስም ለብርሃንም ይጠቅማል። ለድርብርቡ ብርሃን የሚያጥፍ ፕሪዝም፣ በተለይ በመነጽር ላይ የሚለጠፈው ዓይነት፣ ዓይኑ ሲለዋወጥ አብሮ ሊቀየር ስለሚችል ለዚህ ዘመን የተመቸ ነው፤ ካልሆነም አንዱን መስታወት መሸፈን ይቻላል። ሁለት የሚታየው ሰው መኪና መንዳት የለበትም።

ሰባተኛ፦ ሕመሙ መለስተኛ ከሆነ

አብዛኛው ታማሚ የሚያስፈልገው ከላይ የተባለውና ክትትል ነው። ሕመሙ ከጀመረ ብዙ ጊዜ ካልሆነው 100 ማይክሮግራም ሴሌኒየም በቀን ሁለት ጊዜ ለ6 ወር መውሰድ እንደሚረዳ በአውሮፓ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ ጥናት አሳይቷል። ጥናቱ የተደረገው በአብዛኛው አፈሩም ምግቡም ሴሌኒየም በሚያንስበት አካባቢ ስለሆነ፣ ሴሌኒየም በሚበቃበት ስፍራ ያው ጥቅም መኖሩ አልተረጋገጠም። ከ6 ወር በላይ በራስ ፈቃድ መቀጠልም ሆነ መጠኑን መጨመር ተገቢ አይደለም፤ ሴሌኒየም ሲበዛ ይጎዳል።

ስምንተኛ፦ መካከለኛና ከባድ ሆኖ ንቁ ከሆነ

የተለመደው የመጀመሪያ ሕክምና ሜቲልፕሬድኒሶሎን የተባለው ስቴሮይድ በደም ሥር ሲሆን፣ በሳምንት አንድ ጊዜ 500 ሚሊግራም ለ6 ሳምንት፣ ከዚያ 250 ሚሊግራም ለሌላ 6 ሳምንት፣ በድምሩ 4.5 ግራም ይሰጣል። በየዕለቱ ከሚዋጥ እንክብል ይልቅ ይህ የተመረጠው ይበልጥ ስለሚሠራና ጉዳቱም ስለሚያንስ ነው። ጉዳት የለውም ማለት ግን አይደለም፤ በተለይ ጉበትን አልፎ አልፎ በብርቱ ሊጎዳ ስለሚችል፣ ከመጀመሩ በፊት የጉበትና የሄፓታይተስ ምርመራ፣ የደም ስኳርና የደም ግፊት ሊታይ ይገባል፤ በአንድ ዙር የሚሰጠው ድምርም ከ8 ግራም አይለፍ። ማይኮፌኖሌት የተባለው መድኃኒት ለ24 ሳምንት አብሮ ሲሰጥ ውጤቱን ያሻሽላል፤ ፅንስን ስለሚጎዳ ግን እርግዝና አለመኖሩ ተረጋግጦና አስተማማኝ መከላከያ ተይዞ መሆን አለበት።

ስቴሮይድ ቅላቱን፣ እብጠቱንና ሕመሙን በደንብ ያበርዳል፤ የፈጠጠውን ዓይን ወደ ኋላ የመመለስ አቅሙ ግን ውስን ነው። በዚህ በኩል ለውጥ ያመጣው የአይጂኤፍ-1 ተቀባይን የሚዘጋው ቴፕሮቱሙማብ ሲሆን፣ በአሜሪካ በጥር 2020 ተፈቅዷል። በየ3 ሳምንቱ በደም ሥር 8 ጊዜ ይሰጣል። መድኃኒቱ እንዲፈቀድ ባስቻለው ሙከራ መድኃኒቱን ከወሰዱት 83 በመቶ የሚሆኑት ዓይናቸው 2 ሚሊ ሜትር ወይም ከዚያ በላይ ሲመለስ፣ ባዶ መድኃኒት ከወሰዱት ይህ የሆነው 10 በመቶ ላይ ነበር። ከጎኑ የጡንቻ መኮማተር፣ የደም ስኳር መጨመርና የመስማት ችግር ይመጣሉ፤ የመስማቱ ጉዳት አንዳንዴ የማይመለስ ስለሆነ ከሕክምናው በፊትና በመካከሉ ጆሮ ሊመረመር ይገባል። ለነፍሰ ጡር አይሰጥም፤ ሥር የሰደደ የአንጀት መቆጣት ያለበትንም ሰው ሊያባብስበት ይችላል። ዋጋው እጅግ ውድ ነው፤ በአንዳንድ ታማሚዎች ላይም ሕመሙ ተመልሶ ይነሣል።

የመጀመሪያው ሕክምና ካልበቃ የሰውነት መከላከያን የሚያረግቡት ቶሲሊዙማብ፣ ወይም ሕመሙ ገና ሲጀምር ሪቱክሲማብ ይታሰባሉ። ወደ ዓይን ጉድጓድ የሚሰጥ አነስተኛ ጨረር፣ በተለምዶ በ10 ቀን ተከፋፍሎ 20 ግሬይ (የጨረር መለኪያ)፣ ከስቴሮይድ ጋር ሲሆን በተለይ የዓይን እንቅስቃሴ በቅርቡ ለታወከበት ሰው ይጠቅማል። ከ35 ዓመት በታች ላሉና በስኳር በሽታ ረቲናቸው ለተጎዳ ሰዎች ግን አይመከርም።

ዘጠነኛ፦ እይታ አደጋ ላይ ከሆነ

ነርቩ መታነቁ ሲታወቅ ከ500 ሚሊግራም እስከ 1 ግራም ሜቲልፕሬድኒሶሎን በደም ሥር ለ3 ቀናት ይሰጥና በሳምንቱ ይደገማል። በሁለት ሳምንት ውስጥ በቂ መሻሻል ካልታየ፣ እይታው እየወደቀ ከሄደ ደግሞ ከዚያም ቀደም ብሎ፣ የጉድጓዱን አጥንት ከፍቶ ግፊቱን የሚያስተነፍሰው ቀዶ ሕክምና ይደረጋል። እዚህ ሕመሙ እስኪረጋ አይጠበቅም።

ዐሥረኛ፦ ከረጋ በኋላ የሚደረግ ቀዶ ሕክምና

ሕመሙ ረግቶ ቢያንስ ለ6 ወር ካልተለዋወጠ በኋላ፣ የቀረው መፍጠጥ፣ ድርብርብና የቆብ መሰብሰብ በቀዶ ሕክምና ይስተካከላል። ለሁሉም ሦስቱም አያስፈልጉም፤ የሚያስፈልገው ሰው ግን ቅደም ተከተሉን መጠበቅ አለበት።

መጀመሪያ ጉድጓዱን የሚያሰፋው ቀዶ ሕክምና ይደረጋል፤ ከአጥንቱ ግድግዳ ከፊሉ ወይም ከስቡ ጥቂቱ ይወጣና ኳሱ ወደ ኋላ ይገባል። በዚህ ጊዜ ጡንቻዎቹ ከቦታቸው ስለሚንቀሳቀሱ፣ ቀድሞ ድርብ የማይታየው ሰው አዲስ ድርብርብ ሊመጣበት ይችላል። የጡንቻው ቀዶ ሕክምና ሁለተኛ የሚሆነው ለዚህ ነው፤ ቀድሞ ቢደረግ ይበላሽ ነበር። እዚህ ላይ የሚጠበቀውን ልክ አስቀድሞ ማወቅ ከብዙ ቅሬታ ያድናል፦ ግቡ ፊት ለፊት ሲመለከቱና ለማንበብ ዝቅ ሲሉ አንድ እንዲታይ ማድረግ ነው እንጂ፣ የደነደነ ጡንቻ በሁሉም አቅጣጫ እንደ ጥንቱ አይመለስም። ዓይንን ወደ ታች የሚስበው ጡንቻ ሲላላ የታችኛው ቆብ አብሮት ሊወርድ ስለሚችል፣ የቆቡ ቀዶ ሕክምና መጨረሻ ላይ ይመጣል። የላይኛው ቆብ ሲወርድ ዓይኑ በደንብ መከደን ይጀምራል፤ ሰውም የቀድሞ ፊቱን በመስታወት የሚያገኘው ብዙውን ጊዜ በዚህኛው ነው።

በሕመሙ ሁሉ ዘመን መልክ መለወጡ የሚያመጣው የመንፈስ ጫና አይናቅ። ከሰው መሸሽ፣ ፎቶ መፍራት፣ «ለምን አፍጥጠህ ታየኛለህ?» መባል በሕመሙ ክብደት ልክ ሳይሆን ከዚያ በላይ ሊጎዳ ይችላል፤ መለስተኛ ተብሎ የተመዘገበ ሰው ኑሮው ከተናወጠ ሐኪሙ ሕክምናውን እንደገና የማሰብ ምክንያት አለው፤ ስለዚህ በግልጽ ይነገረው።

ሦስቱ ቀዶ ሕክምናዎች ከተጠናቀቁም በኋላ የታይሮይድ ደም ምርመራ ይቀጥላል፤ የየወሩም ፎቶ በየ6 ወሩ ይሁን እንጂ አይቋረጥ። የረጋ ሕመም ከዓመታት በኋላ፣ በተለይ ማጨስ ዳግም ሲጀመር ወይም ሆርሞኑ ሲናጋ፣ ሊነሣ ይችላል፤ አዲስ ቅላት፣ አዲስ መወጠር ወይም አዲስ ድርብርብ ከታየ ምርመራው ከአምስተኛው ደረጃ እንደገና ይጀመራል።